ቫይታሚኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ባክቴሪያውን

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽውን አየሁት። አባትሽ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ተደርጎላቸው የጨጓራቸው ሽፋን እንደ አንጀት ሽፋን ተለውጧል ተብለዋል። ወደ ካንሰር እንዳይሄድ ቫይታሚን ሲና ኢ ልግዛላቸው ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔም ቡሬ ላይ ይችኑ ውጤት ይዤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

1. ብርሽን ያዢ። እኔ ስምንት ወር ሙሉ የበርበሬዬን ገንዘብ ፋርማሲ አፍስሻለሁ። ቫይታሚን ሲ፣ ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ያልገዛሁት የለም። ኋላ የወንድሜ ልጅ ጤና መኮንን ነውና ጥናቶቹን አነበበልኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የኮሎምቢያ ጥናት ቫይታሚን ሲም ቤታ ካሮቲንም ለውጡን ወደኋላ ለመመለስ ረድተዋል ይላል። ቬንዙዌላ ግን ሦስቱንም ለሦስት ዓመት ሰጥተው ምንም ለውጥ አላዩም። ቻይና ሻንዶንግ ላይ ሰባት ዓመት ቫይታሚን የወሰዱት በ22 ዓመት ውስጥ በጨጓራ ካንሰር የሞቱት አነሱ። እዚያው ቦታ ግን ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ የሚያጠፋውን ሕክምና ለሁለት ሳምንት ብቻ የወሰዱትም ከ22 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ቀንሶላቸዋል። ሁለት ሳምንት! እኔ ስምንት ወር ስደክም የኖርኩት ይሄን ትቼ ነው።

2. ምርመራው ላይ ተጠንቀቁ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየዋጥኩ ለባክቴሪያው የሰገራ ምርመራ ሰጠሁ። ባክቴሪያ የለም ተባልኩ። ለካ ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው ውጤቱን ያሳስታል። ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቆም ነበረበት፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት። ማንም አልነገረኝም። ሌሊት ተነስቼ ባህር ዳር ድረስ ሄጄ፣ ስሙን የማልጠራው ቦታ፣ "መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ችግር የለውም?" ብዬ ጠየቅሁ። የላብራቶሪው ሰው "ሐኪም ነህ እንዴ?" ብሎ መስኮቱን ዘጋብኝ። ሰው ሁሉ እያየ። እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ሌላ ዘንድ የሄድኩ ቀን ሐኪሟ ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ኦሜፕራዞል ትወስዳለህ ወይ ብላ ነው። አስቆመችኝ። ሁለት ሳምንት ቃሩ ገደለኝ፣ ግን ቻልኩት። ባክቴሪያው ተገኘ። መድኃኒቱን 14 ቀን አንድም ሳላጓድል ጨረስኩ። ከወር በላይ ቆይቼ ደግሜ ተመረመርኩ፤ ጠፍቷል። የደም ምርመራ እናድርግላችሁ ቢሏችሁ እንዳትቀበሉ። ከዳኑም በኋላ ደም ላይ ምልክቱ ይቆያል።

3. ባክቴሪያው ራሱ በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ሲ ያሳንሳል። እሱን ሳያጠፉ እንክብል መዋጥ በተቀዳደደ ጆንያ እህል መስፈር ነው። ለምግቡ ቃሪያ አለልን። በክብደት ካየሽው ከሎሚ የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። እሱ ካቃጠላቸው ብርቱካንና ጎመን ይብሉ፣ ጎመኑ ብዙ አይቀቀል። ጨው ቀንሺላቸው። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ቤታ ካሮቲን እንዳታስነኪያቸው፤ ፊንላንድ ላይ አጫሾች ወስደውት የሳንባ ካንሰር ጨምሮባቸዋል።

ኦሜፕራዞሉን በራሳችሁ አታቁሙ። ጨጓራቸው ደምቶ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሪ። በኢንዶስኮፒው ከጨጓራቸው የተወሰደውን የናሙና ውጤት ወረቀት አሁኑኑ ፎቶ አንሺው። የሚቀጥለው ኢንዶስኮፒ መቼ እንደሆነም ቀኑን አስጽፊ፤ እኔ ሳልጠይቅ የነገረኝ የለም።