ናስር ሐይቅና ኑቢያ ሐይቅ፦ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

አንድ ሐይቅ ነው። ካርታ ላይ ሁለት ስም የምታየው የግብፅና የሱዳን ድንበር ስለሚያቋርጠው ነው፤ ግብፅ ውስጥ ያለው ሰፊው ክፍል ናስር፣ ሱዳን የገባው ጭራው ኑቢያ ይባላል። ሐይቁ የተፈጠረው ግብፅ ውስጥ ዓባይን በገደበው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ነው፤ ከግድቡ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል።

ሰሜን ሱዳን የነበረችው ከተማ፣ የድሮዋ ዋዲ ሃልፋ፣ የት ገባች ላልከው፣ ውኃው ውስጥ ናት። የግድቡ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀምሮ በ1970 አለቀ፤ ውኃው መጠራቀም የጀመረው ግን በ1964 ነው። ከሱዳን በኩል ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) የቴምር ዛፎቻቸውን ትተው አትባራ ወንዝ አካባቢ ወደ ተሠራችው አዲሲቱ ሃልፋ ተወሰዱ። (አትባራ የእኛው ተከዜ የሚገባበት ወንዝ ነው።) አንሄድም ብለው የቀሩት ደግሞ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ጎጇቸውን ወደ ላይ እያሸሹ የዛሬዋን ዋዲ ሃልፋ ቆረቆሩ። በግብፅ በኩል ያሉት ጥንታዊዎቹ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ተቆራርጠው 65 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ሲተከሉ ዓለም ገንዘብ አዋጥቷል፤ ለሰዎቹ ያን ያህል የጮኸ አልነበረም።

ካርታ የምትሠራ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የሐይቁን ዳርቻ ከአንድ ካርታ ብቻ አትቅዳ። የኅዳርንና የሐምሌን የሳተላይት ምስል ሳስተያይ፣ ደቡብ ጫፉ ላይ ኅዳር ውኃ የነበረው ቦታ ሐምሌ ላይ ደለል ሆኖ ነው የማገኘው። ደለሉም አብዛኛው ከእኛ ደጋ በዓባይ የወረደ አፈር ነው። ምስሉ የተነሣበትን ወርና ዓመት ካርታህ ጥግ ላይ ጻፍ።