ፈረቃ ከማውጣታችሁ በፊት የገበያውን ቀን ጠይቁ

እህቴ፣ መንዝ ውስጥ የወላጅ ኮሚቴ ሆነሽ መመረጥሽን፣ ወረርሽኝ ቢመጣ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚከፈት ዕቅድ አውጡ መባላችሁንና ወላጁ «ሁሉም ይምጣ» እና «በፈረቃ ይሁን» ብሎ ለሁለት መከፈሉን አነበብኩ። በኮሮና ጊዜ ያለፋችሁበት ምን ትላላችሁ ነው ጥያቄሽ። እኔ ያኔ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነበርኩ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጭምብል ለማሰፋት የሚመጣው ወላጅ ሁሉ በስብሰባ ያላወጣውን ሆዱን ከስፌት መኪናዬ ፊት ስለሚዘረግፈው፣ ከሊቀመንበሩ ይልቅ እኔ ብዙ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋና ልጆቻችን ሰባት ወር ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ እኛ ዘንድ ሬዲዮው የአባወራው ነው፣ ልጁ ደግሞ ከብት ጋ ነው። ጥቅምት 2013 ላይ በየዙሩ ሲከፈት የገጠሩና የወረዳው ተራ ቀድሞ ደረሰ፤ አዲስ አበባ መጨረሻ ላይ ነበረች። መመሪያው በአንድ ክፍል ከ25 ተማሪ እንዳይበልጥ፣ ልጆቹ ተራርቀው እንዲቀመጡና ጭምብል እንዲያደርጉ ያዝዝ ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ክፍሎች ከ50 በላይ ልጅ ነበራቸው። እንግዲህ «ሁሉም ይምጣ» የሚለው ወገን የተሸነፈው በክርክር አይደለም፤ ዴስክ ስንቆጥር ነው። እናንተም ከስብሰባው በፊት ዴስክ ቁጠሩ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

ዋናው ጠብ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ቀን ይምጣ በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ቡድን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሌላው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንዲሆን ተወሰነ። ትምህርት ቤቱ ስሙን በፊደል ተራ ከፈለውና የአንድ ቤት ልጆች አንዳንዶቹ አንድ ላይ፣ አንዳንዶቹ ተለያይተው ወደቁ። ከተማ ውስጥ እንጀራ የምትሸጥ አንዲት እናት ተነሥታ፣ ልጆቼ በተለያየ ቀን ከሄዱ በየቀኑ ከቤቴ የሚወጣና የሚገባ አለ፤ አስም ያለባት እናቴ ከእኔው ጋር ነች፤ በአንድ ቀን ይሁኑልኝ አለች። ከገጠር የመጡት አባቶች ደግሞ አጉረመረሙ። አንዱ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ አድርጎ «ሁለቱም በአንድ ቀን ከሄዱ በጉን ማን ይጠብቀዋል? ባቄላው ሊነቀል ነው፣ ገብሱ ተከትሎ ይደርሳል» አለ። እኔ እጄን ያወጣሁት ከእንጀራ ሻጯ ጋር ነው። አሸነፍንም።

ስህተት መሆኑን ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ የስም መጥሪያውን ሲያሳየኝ ነው። የገጠሩ ልጆች አልጠፉም፤ ወንድምና እኅት ተራ ገብተዋል። ሰኞ እሱ፣ ረቡዕ እሷ፣ ዓርብ እንደገና እሱ። ፈረቃው ግማሽ ያደረገውን ትምህርት፣ ቤታቸው ደግሞ ለሁለት ከፈለው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ወላጅ «አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?» ብለን ጠይቀን በደብተር መዘገብን። የሁለት ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ልንሠራው ይገባን የነበረ።

ቅዳሜም አለ። እኛ ጋ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው፤ የሁለተኛው ቡድን ክፍል ባዶውን ይውል ነበር። ቡድኖቹ በየወሩ ቀን እንዲለዋወጡ ያደረግነው ለዚህ ነው። መምህራኑ አልወደዱትም። አልፈርድባቸውም፤ አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ እያስተማሩ ቅዳሜያቸውን ጭምር የሰጡ ሰዎች ናቸው።

መስኮት ይከፈት የሚለው ትእዛዝ ለእናንተ ከእኛ ይብሳል። የኅዳርን ውርጭ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ አባት «ከኮሮና ያተረፍኩትን ልጅ የሳንባ ምች ሊወስድብኝ ነው» ብሎ መስኮቱን በገዛ እጁ ዘግቶ ሄደ፤ በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ከፈተው። መፍትሔው የሰዓት ጉዳይ ነበር። መግቢያውን ከ2 ሰዓት ተኩል ወደ 3 ሰዓት ተኩል ገፋነው፤ ፀሐይ ወጥታ ትጠብቃቸዋለች። ጋቢ ለብሶ መግባትም ተፈቀደ። መንዝ ላይ የበግ ጠጉሩን ባናም ቢሆን ፍቀዱ፤ ልጁ ይሙቀው እንጂ ዩኒፎርሙ ባይታይ ማንም አይጎዳም።

ውኃ የሌለበት ትምህርት ቤት ልጅን «እጅህን ታጠብ» ማለት ቀልድ ነው። የእኛ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ እያንዳንዱ ልጅ በሃይላንድ ውኃ ይዞ እየመጣ በር ላይ ካለው በርሜል ይገለብጥ ነበር። ሳሙናው ቶሎ አለቀ።

ስለ ጭምብል የምነግርሽ የራሴን ጥፋት ነው። ኮሚቴው ባዋጣው ገንዘብ ከአቡጀዲ በሁለት ድርብ ሰፍቼ ለችግረኞቹ በየቤቱ አንድ አንድ አደልኩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ላስቲኩን አሳጥሪልኝ ብላ መጣች። ጨርቁ እርጥብ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል። ስጠይቃት ሰኞ ወንድሟ አድርጎት ውሏል፤ ማታ ታጥቦ ምድጃ ላይ ተሰቅሎ ሳይደርቅ ነግቷል። ላስቲኩን ላሳጥረው ስል «አይ፣ ነገ ለእሱ ይጠበዋል» ብላ መልሳ ተቀበለችኝና ከኋላ በክር ቋጥራ አሰረችው። ሌላ ሰፍቼ ሰጠኋት። ለሌሎቹ ቤቶች ግን ጨርቅ አልነበረኝም። ጭምብል በልጅ ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይታደልም።

ስብሰባው ላይ ማንም ያላነሣው ደግሞ ከነጭራሹ ያልተመለሱት ናቸው። ከተከፈተ በኋላ ከአንዲት መምህርት ጋር ቤት ለቤት ስንዞር ሁለት ልጆች ደብረ ብርሃን በቀን ሥራ ላይ መሆናቸውን ሰማን። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጅ ታጭታለች፤ አያቷ እንደ ምሥራች ነበር የነገሩን። ብንለምንም አልሆነም። ቤት ለቤት መዞሩ መጀመር የነበረበት ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። እናንተ ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበት ቀን የእያንዳንዱን ልጅ የወላጅና የጎረቤት ስልክ መዝግቡ። በተለይ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉትን ሴቶች በየወሩ የሚጠይቅ ሰው መድቡ።

ወደሚቀጥለው ክፍል ስለ ማዛወር ብዙ አትከራከሩ፤ ያ በላይ ይወሰናል። ያኔ ከ8ኛና ከ12ኛ በስተቀር ሁሉም ተዛወረ። የእኔ ትንሹ ልጅ አራተኛ ክፍል ገባ ተብሎ ሦስተኛ ክፍል የተማረውን ማንበብ አቅቶት ነበር። ኮሚቴው ማድረግ የሚችለው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለፈው ዓመት ትምህርት መከለሻ እንዲሆኑ መምህራኑን መለመን ነው። እኛ ዘግይተን ለመንን፤ እነሱ ግን እሺ ብለዋል።

ያንን የድልድል ደብተር ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር ወደ ቤቴ ይዤው መጥቻለሁ፤ ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ። እስከዚያው እናንተ ጋ ገበያ የሚቆመው በየትኛው ቀን እንደሆነና ስንት ዴስክ እንዳላችሁ ጻፊልኝ።