የፖኬሞን ጎ ጥያቄዎቻችሁ፦ ማዋሃድ፣ ኢቮልቭ፣ ፓወር አፕ (ከደሴ)

እሺ የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች፣ ስለ ፖኬሞን ጎ (በስልክ እየተራመድን ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን የምንይዝበት ጌም) ጠይቁኝ ብዬ ነበር ጠየቃችሁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ ስለ ካንዲ (ለየፖኬሞኑ ዘር ለብቻ የሚጠራቀም ማሳደጊያ) ነው የምትጨነቁት፣ እኔ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ካንዲ ቆይቶም ይመጣል፣ የሚያልቅባችሁ ስታርደስት (ለሁሉም ፖኬሞን የሚሆነው ማጠንከሪያ) ነው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ ከኮምቦልቻ። ሌላ ጌም ላይ ሁለት አንድ አይነት ካለህ ታዋህድና አንድ ጠንካራ ይወጣልሃል፣ እዚህ በተኑን አጣሁት የት ነው?

መልስ፦ ስለሌለ ነዋ ያጣኸው ወንድሜ 😄 ሁለት ፒጂ (ትንሽ የወፍ ፖኬሞን) አንድ ትልቅ ፒጂ አይሆንም። ትርፉን ጌሙ ውስጥ ላለው ፕሮፌሰር ትልከዋለህ በአንዱ 1 ካንዲ ይሰጥሃል፣ ካንዲው ሲጠራቀም የምትፈልገውን አንዱን ኢቮልቭ ታደርገዋለህ (ወደ ትልቁ መልኩ ትቀይረዋለህ)። ስትይዝ 3 ካንዲ ታገኛለህ፣ ፒናፕ ቤሪ የሚባለውን ፍሬ ሰጥተህ ከያዝከው 6 ይሆናል፣ ስለዚህ ፒናፕ እያለህ ዝም ብለህ ኳስ አትወርውር። ማጂካርፕን ጋያራዶስ ለማድረግ ግን 400 ካንዲ ይጠይቃል፣ እሱን በዲ (አብሮህ የሚሄድ ጓደኛ) አድርገህ በእግርህ ሂድ፣ በየ 1 ኪሎሜትሩ 1 ካንዲ ይሰጣል፣ ከሸዋ በር ፒያሳ የምትመላለስ ሰው ሳታውቀው ይሞላልሃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፊውዥን የሚሉት ምንድነው? ኪዩረምና ዜክሮም አንድ ሲሆኑ አይቻለሁ

መልስ፦ እሱ እውነት ነው ግን ለጥቂቶች ብቻ ነው የተፈቀደው። ኔክሮዝማ በ2024 የጎ ፌስት ሰሞን ነው የገባው፣ ከሶልጋሊዮ ወይ ከሉናላ ጋር ይዋሃዳል። ኪዩረም ደግሞ በ2025 ከዜክሮም ጋር ብላክ ኪዩረም፣ ከሬሺራም ጋር ዋይት ኪዩረም ይሆናል። 1000 ፊውዥን ኢነርጂ እና ከሁለቱም 30 30 ካንዲ ያስፈልጋል፣ ኢነርጂው ደግሞ ከሬይድ (አንድ ትልቅ ፖኬሞን በቡድን ከሚወጋበት ውጊያ) ነው የሚገኘው። መለያየት ይቻላል፣ ሁለቱም እንደነበሩ ይመለሳሉ፣ ያወጣኸው ኢነርጂ ግን አይመለስም። እንደተዋሃዱ እያሉ ደግሞ ትሬድ ማድረግም (ከሰው ጋር መለዋወጥም) ለፕሮፌሰሩ መላክም አይቻልም። እውነቱን ለመናገር ለብቻው ሬይድ የሚገባ ሰው 1000 ኢነርጂ አይሞላም፣ ሰው ሰብስቡ።

ጥያቄ፦ ፓወር አፕ ላስቀድም ወይስ ኢቮልቭ? ጓደኛዬ መጀመሪያ ፓወር አፕ ካደረክ ትልቁ ይበልጥ ይጠነክራል ይላል

መልስ፦ ጓደኛህን ሰላም በልልኝ ግን ተሳስቷል። ፓወር አፕ የሚጨምረው ሌቭሉን ነው፣ ኢቮልቭ ስታደርገው ሌቭሉም አይቪውም (ከመጀመሪያው ይዞት የመጣው የጥንካሬ ነጥብ) እንዳለ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ በየትኛውም ቅደም ተከተል ብትሄድ የምትከፍለው ስታርደስት እኩል ነው የምትደርስበትም እኩል ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ኢቮልቭ ሲሆን ሙቮቹ (የሚዋጋባቸው ምቶች) እንደገና በእጣ ነው የሚወጡት፣ እንግዲህ አስበው ያለህን ስታርደስት ሁሉ ትንሹ ላይ አፍስሰህ ኢቮልቭ ስታደርገው የማይረባ ሙቭ ይዞ ቢወጣ ቲኤም (ሙቭ መቀየሪያ እቃ) ፍለጋ ልትገባ ነው፣ ቲኤም ከሌለህ ደግሞ በቃ ቆመ። መጀመሪያ ኢቮልቭ አድርገህ ሙቩን ካየኸው ግን ወደህ ነው የምትከፍለው። ሁለተኛ፣ ለግሬት ሊግ (ከሌላ ተጫዋች ጋር የሚደረግ ውድድር) ከሆነ የምታዘጋጀው 1500 ሲፒ (ጠቅላላ የጥንካሬ ቁጥር) ማለፍ አይቻልም፣ ትንሹን አሳድገህ አሳድገህ ኢቮልቭ ስታደርገው 1600 ምናምን ቢገባ መመለሻ የለውም፣ ሲፒ አይቀንስም። ስለዚህ ኢቮልቭ ይቀድማል ከዛ ቀስ እያልክ 1500 ስር ታስጠጋዋለህ። ኮሚዩኒቲ ደይ (ለአንድ ፖኬሞን የሚሰጥ ልዩ ቀን) የሚመጣለት ከሆነ ግን ኢቮልቩንም አቆየው፣ በዛ ሰዓት ኢቮልቭ የተደረገ ሌላ ጊዜ የማይገኝ ሙቭ ይዞ ይወጣል። ሂሳቡን ደግሞ እወቀው፣ አንዱን ከሌቭል 1 እስከ 40 ለማድረስ 270,000 ስታርደስት እና 304 ካንዲ ነው፣ ከ40 እስከ 50 ሌላ 250,000 ይጨመራል እዛ ላይ ደግሞ ኤክስኤል ካንዲ ነው የሚፈልገው። አንድ ስትይዝ የምታገኘው 100 ስታርደስት መሆኑን አስበህ ፍረድ።

ጥያቄ፦ 4 ኮከብ ማለት ምርጥ ነው አይደል? 4 ኮከብ ያልሆነውን ሁሉ ልላከው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ እህቴ! አይቪ ሦስት ነው፣ አታክ ዲፌንስ ኤችፒ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 15፣ ሦስቱም 15 ሲሆን ነው 4 ኮከብ። ለሬይድና የሲፒ ገደብ ለሌለው ማስተር ሊግ አሪፍ ነው። ግሬት ሊግ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሲፒ ሲሰላ አታክ ነው የሚከብደው፣ አታኩ 0 ወይ 1 የሆነና ሌሎቹ 15 አካባቢ የሆኑ እዛው 1500 ስር ከፍ ያለ ሌቭል ይገቡልሻል። ስለዚህ ያቺ 2 ኮከብ ብለሽ የምትልኪያት ናት አንዳንዴ ሰው የምታሸንፈው። ከመላክሽ በፊት የአይቪ መለኪያ መስመሮቹን እያቸው።

ጥያቄ፦ ኢቪ የሚባለውን (ወደ ብዙ አይነት የሚቀየረውን) ፖኬሞን አምብሬዮን ማድረግ ፈልጌ ሁሌ ሌላ ይወጣብኛል

መልስ፦ ስሙን ታማኦ ብለህ ቀይረው ከዛ ኢቮልቭ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሰራል። ሳኩራ ካልከው ኤስፒዮን ነው። ስሙን ተጠቅመህ ከጨረስክ በዲ አድርገህ 10 ኪሎሜትር ሂድና 2 ካንዲ ከሱ አግኝ፣ በዲ እንደሆነ ሳትቀይረው ማታ ኢቮልቭ አድርገው። ቀን ካደረከው ኤስፒዮን ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ ጓደኛዬ ደሴ፣ ቤታችን ሆነን ትሬድ ማድረግ እንችላለን? ሀውንተር አለኝ

መልስ፦ በተለምዶ በቅርብ መገናኘት አለባችሁ፣ 100 ሜትር ውስጥ። ግን መገናኘቱ ያዋጣችኋል ወላሂ። ሀውንተር፣ ማቾክ፣ ካዳብራ፣ ግራቭለር ትሬድ ከተደረጉ በኋላ ያለ ምንም ካንዲ ነው ኢቮልቭ የሚሆኑት፣ ሌላ ጊዜ 100 ካንዲ የሚበላ ነገር። በዛ ላይ ትሬድ ሲደረግ ካንዲ ይሰጣል፣ የተያዙበት ቦታ ከ10 ኪሎሜትር በላይ ከተራራቀ 1 የነበረው 2 ይሆናል። ደሴ መሃልና ኮምቦልቻ መሃል በቀጥታ ሲለካ ከ10 ያልፋል፣ ስለዚህ አንተ ኮምቦልቻ የያዝከውን እሱ ደሴ የያዘውን ተለዋወጡ። አንድ ነገር ብቻ፣ አይቪው በትሬድ ይቀየራል እንደገና በእጣ ነው፣ 4 ኮከብህን ለትሬድ አታውጣው። አንዴ ትሬድ የተደረገ ፖኬሞን ደግሞ ሁለተኛ ትሬድ አይደረግም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ስወጣ ጌሙ ላይ ያለው እንቁላሌ ይፈለፈላል?

መልስ፦ አይ። በሰዓት 10 ኪሎሜትር ምናምን ካለፍክ ኪሎሜትሩን መቁጠር ያቆማል። ሐረጎ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ኋላ ስትለጠፍ ምናልባት ትንሽ ይቆጥርልህ ይሆናል 😂

ጥያቄ፦ ደሴ ጉም ሲሆን ጌሙ ላይ ጥቅም አለው?

መልስ፦ አለው፣ ጌሙ ጉም ብሎ ካሳየ ጎስትና ዳርክ የሚባሉት የፖኬሞን አይነቶች ይጠነክራሉ፣ ዝናብ ከሆነ ውሃ፣ ኤሌክትሪክና ባግ (የነፍሳት አይነቱ)። በአየሩ የጠነከረ ስትይዝ ሌቭሉ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ እስከ 35 ይደርሳል፣ ስታርደስቱም 25 ፐርሰንት ይጨምራል። ይሄ ማለት ፓወር አፕ ግማሹ በነፃ ተሰራልህ ማለት ነው። ጌሙ የሚያሳየው ግን የትንበያ አየር ስለሆነ የጦሳ ተራራ ተሸፍኖ ስታዩ ጌሙ ፀሐይ ነው ቢላችሁ አትናደዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮይን (የጌሙን ገንዘብ) ግዢልኝ እያለ ያስቸግረኛል፣ ሳይገዛ መጫወት አይቻልም ወይ? አንድ ልጅ ደግሞ አካውንቱን ስጠኝና በርካሽ እሞላልሃለሁ ብሎታል

መልስ፦ እትዬ፣ ሳይገዛ በደንብ ይጫወታል። ጂም (ካርታው ላይ ያለ የውጊያ ቦታ) ላይ አንድ ፖኬሞን ካስቀመጠ በ10 ደቂቃ 1 ኮይን ይቆጥርለታል፣ በቀን እስከ 50። ለዛ ልጅ ግን አካውንቱን በፍፁም እንዳይሰጥ ይንገሩልኝ፣ የሰበሰበው ሁሉ በአንድ ቀን ሊሄድበት ይችላል። ኮይን ካገኘም ቦርሳ ማስፊያ ይግዛበት፣ ኳስ አይግዛ፣ ኳስ ፖኬስቶፕ (ካርታው ላይ እቃ የሚሰጥ ቦታ) ላይ በነፃ አለ።

ጥያቄ፦ ፌክ ጂፒኤስ (ያለሁበትን ቦታ በውሸት የሚያሳይ) ተጠቅሜ ቶኪዮ ብይዝስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ለ7 ቀን አካባቢ ይቀጡሃል፣ ቀጥሎ ለ30 ቀን፣ በሦስተኛው አካውንቱ ይዘጋል። የራስህ ጉዳይ።

ጥያቄ፦ ሻዶ ማቻምፕ (ከጌሙ ክፉ ቡድን ከቲም ሮኬት የተወሰደ) አለኝ፣ ፒዩሪፋይ ላድርገው (ላንጻው)? አይቪው ይጨምራል ሲሉ ሰምቻለሁ

መልስ፦ ይጨምራል፣ በእያንዳንዱ 2። ግን ሻዶ እያለ አታኩ 20 ፐርሰንት ይበልጣል፣ ዲፌንሱ 17 አካባቢ ይቀንሳል፣ ሬይድ ላይ ደግሞ የሚፈለገው ጉዳት ማድረስ ስለሆነ ከ4 ኮከቡ ንፁህ ይልቅ 1 ኮከቡ ሻዶ ይበልጥብሃል። ወጪው ብቻ ነው ችግሩ፣ ሻዶ ፓወር አፕ 20 ፐርሰንት ይወደዳል፣ ፒዩሪፋይ የተደረገው ደግሞ 10 ይረክሳል። ማቻምፕ ከሆነ አትንካው። ሦስቱም 13 እና ከዛ በላይ የሆነ የማትጠቀምበት ሻዶ ካለህ ግን እሱን ፒዩሪፋይ አድርገው፣ ሦስቱም 15 ሆኖ ይወጣል። ፍረስትሬሽን የሚባለውን ሻዶዎች ይዘውት የሚመጡትን ደካማ ሙቭ ቲም ሮኬት የሚወርበት ኢቨንት ሲመጣ ብቻ ነው በቲኤም የምታነሳው፣ እስከዛ ቻርጅድ ቲኤምህን ደብቀህ አስቀምጥ።