ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል። ይህን የምጽፈው ሙያውን ገና ለጀመራችሁ፣ እንዲሁም የዘመድና የጓደኛ ማሽን ሁሉ ወደ እናንተ ለሚመጣባችሁ ነው። የማነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሲበራ ተነሥቶ ሳይጨርስ የሚጠፋ፣ መልሶ የሚነሳ፣ መልሶ የሚጠፋ አሮጌ ዴስክቶፕ።

እንዲህ ያለ ማሽን ፊታችሁ ሲቀርብ እጃችሁ በቀጥታ የዊንዶውስ መጫኛ ወደያዘው ፍላሽ ሲሄድ አያለሁ። ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን ፈጣን መፍትሔ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜም ይሠራል፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ አንድ ጊዜ የሠራ መላ ሳይታሰብበት ይደገማልና። ፓወር ሰፕላዩ (ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን) የደከመ ኮምፒውተር ግን ዊንዶውስ ደጋግሞ ቢጫንበት አመሉን አይተውም። በመካከሉ የባለቤቱ ፎቶግራፍ፣ የሂሳብ መዝገብና የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የጠፋ ፋይል ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

ስለዚህ ምንም ሳትነኩ በመጀመሪያ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ማሽኑ የሚቋረጠው የት ሲደርስ ነው? የአምራቹ አርማ ስክሪኑ ላይ ከመታየቱ በፊት የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ጥፋቱ ያለው በኃይል፣ በማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ)፣ በራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ወይም በፕሮሰሰር አካባቢ ነው፤ ፎርማት ማድረግ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። አርማው አልፎ ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር የሚቋረጥ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ፣ አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) ወይም የተበላሸ የሲስተም ፋይል ይጠረጠራል፤ ራምም ከጥርጣሬ ነጻ አይሆንም። በሁለቱ መካከል ለመለየት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ገብታችሁ ማሽኑን እዚያው ተዉት። እዚያም ተቀምጦ ከጠፋ ስለ ሶፍትዌር ማሰብ አቁሙ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ጸንቶ ከቆየ፣ ሙሉ ማስረጃ ባይሆንም፣ ፍለጋው ወደ ዲስክና ወደ ሶፍትዌር ያጋድላል። ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም) ደግሞ የበለጠ ይነግራችኋል፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ማሽኑን ስለሚያሠራው በእሱ ደህና ከሠራ ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ትችላላችሁ።

ባለቤቱንም ጠይቁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት ምን ተጨመረ? ተንቀሳቅሶ ነበር? «ምንም አልነካሁም» የሚለው መልስ መምጣቱ አይቀርም፤ በትሕትና ተቀበሉትና ሌላ ጥያቄ ጠይቁ።

ዊንዶውስ ራሱ ስህተቱን እንደሚደብቅባችሁ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ኤክስፒ ጀምሮ ሲስተሙ ከባድ ስህተት ሲያጋጥመው በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሰማያዊው ስክሪን ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የሚያነበው ሰው የለም። በኤክስፒ፣ በቪስታና በዊንዶውስ 7 ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 8ን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ በራስ መነሳትን የሚከለክለውን ምረጡ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያሉት ደግሞ ተከታትለው መነሳት ሲያቅታቸው ራሳቸው የጥገናውን ገጽ ያመጣሉ፤ በዚያ በኩል ወደ መነሻ ምርጫዎቹ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ይቆማል፤ ኮዱንም ጻፉት። በ7ቢ (7B) የሚያልቅ ከሆነ ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። በኢዲ (ED) የሚያልቅ ከሆነ ዲስኩን አግኝቶታል፤ ዲስኩ ውስጥ የሚነሳበትን ክፍል (ፓርቲሽን) ግን መክፈት አልቻለም።

የ7ቢ ስህተት በአሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት አለው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 ባትሪ 3 ቮልት ናት። ስትደክም ባዮሱ የተሰጠውን ምርጫ ይረሳና ከፋብሪካ ወደ መጣበት ምርጫ ይመለሳል። ዊንዶውስ ሲጫን የሳታ (የዲስኩ ማገናኛ) አሠራር ኤኤችሲአይ ከነበረና ባዮሱ ወደ ድሮው አሠራር፣ ወደ አይዲኢ፣ ከተመለሰ ሲስተሙ ዲስኩን የሚያናግርበት ድራይቨር አይነሳለትም፤ ማሽኑም ሲነሳ ሲወድቅ ይውላል። ሰዓቱና ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኛችሁት ይህን አስቡ። ባትሪዋን ለውጡ፣ ምርጫውን መልሱ፤ አንድም ፋይል ሳይጠፋ ያልቃል።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ ልምጣ፤ በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው እሱን ነው። ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁ መረጋጋቱን ለማዘርቦርዱ የሚያሳውቀው በአንዲት ሽቦ ነው፤ በተለመደው የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ዓይነት፣ በኤቲኤክስ፣ ሽቦዋ ግራጫ ናት፣ ምልክቷም ፓወር ጉድ ይባላል። ምልክቷ ለቅጽበት ከተቋረጠች ማዘርቦርዱ ሁሉን ነገር ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ማሽኑ ሥራ ሳይበዛበት ደህና መስሎ ይታያል፤ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር፣ ፕሮሰሰሩ ሲጣደፍ፣ የግራፊክስ ካርዱ ሲነቃ ግን ይንበረከካል። እነዚህ ሁሉ የሚገናኙት ደግሞ ማሽኑ በሚነሳበት ጊዜ ነው።

መልቲሜትር ካላችሁ ማሽኑ እየሠራ ለኩ። ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ውስጥ መገኘት አለባቸው። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ግን ቶሎ ነጻ አታውጡት፤ መልቲሜትር በቅጽበት የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን አያሳይም። ትክክለኛው ፈተና ደህንነቱ በታወቀ ሌላ መተካት ነው። በዚህም ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ሶኬቱ ከተለመደው ጋር የሚመሳሰል፣ የሽቦው አደራደር ግን የተለየ ፓወር ሰፕላይ ነበራቸው። የሽቦዎቹን ቀለም ሳታስተያዩ አትሰኩ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ደግሞ አትክፈቱ። ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ገዳይ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ስለ ካፓሲተር ካነሳን ማዘርቦርዱንም በባትሪ መብራት እዩት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት ቦርዶች ብዙዎቹ ጥራት የጎደለው ካፓሲተር ተገጥሞባቸው ያለ ዕድሜያቸው ወድቀዋል። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ትንንሽ በርሜሎች አናት ተመልከቱ፤ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አብጦ ከሆነ ወይም ቡናማ ነገር ከወጣው በሽታው ተገኘ። የመበየድ ልምድ ያለው ሰው መጠናቸውንና ቮልቴጃቸውን አመሳስሎ ይቀይራቸዋል። ልምዱ ከሌላችሁ በሰው ማሽን ላይ አትለማመዱ፤ የተጣለ ቦርድ ሞልቷል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ላንሳ። ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘውን ዩኤስቢ ሁሉ ንቀሉ፤ አንድ የተበላሸ ዕቃ ማሽኑን ሊያስቸግረው ይችላል። ከሣጥኑ ፊት የሚመጣውን የሪስታርት ቁልፍ ሽቦ ከማዘርቦርዱ ላይ አውጡና ሞክሩ፤ በአቧራ ተጣብቆ የቀረ ቁልፍ ስንቱን አድክሟል። ራሞቹን አውጥታችሁ አንድ በአንድ፣ በየቀዳዳው ፈትኑ፤ ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ተዉት፤ አንድም ስህተት ካሳየ ያ ራም አይታመንም። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ መዞሩን፣ ሂት ሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያወጣው ብረት) በአራቱም ማዕዘን መያዙን አረጋግጡ፤ በመካከላቸው ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ክፍል ከማውጣታችሁ በፊት ግን ኬብሉን ከግድግዳ ንቀሉ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ኬብሉ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት አለ።

ጥርጣሬው ዲስኩ ላይ ከወደቀ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። በመጀመሪያ ፋይሎቹን አድኑ፣ ከዚያ ጠግኑ። ዲስኩን አውጥታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዙ፣ ወይም በሊኑክስ አስነስታችሁ ዋና ዋናውን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ። ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መመርመሪያ) አስቀድሞ ማስኬድ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት ነው፤ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ግን ያ ረጅም ንባብ የቀረውን ዕድሜ ሊጨርሰው ይችላል። ፋይሎቹ ከዳኑ በኋላ ቼክ ዲስኩም፣ ሴፍ ሞዱም (ዊንዶውስን በጥቂት ድራይቨሮች ብቻ ማስነሳት)፣ ያ የምትወዱት ፎርማትም ተራቸው ይደርሳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምለምናችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንድትለውጡ ነው። ራሙንም ፓወር ሰፕላዩንም ባትሪውንም በአንድ ላይ ቀይራችሁ ማሽኑ ቢሠራ ምን ጠገናችሁ? ለባለቤቱስ የትኛውን ታስከፍሉታላችሁ? ደህናውን ክፍል አውጥቶ ሌላ ማስገዛት ከባለሙያ የሚጠበቅ አይደለም፤ ባለማወቅም ቢሆን ውጤቱ ያው ማታለል ነው። ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ካልተለወጠ የድሮውን መልሱ፣ በወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቱ ያሰለቻል፤ እኔንም ያሰለቸኛል።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ በዚያው ቅጽበት ለባለቤቱ አትደውሉ። የደከሙ ካፓሲተሮች ሲሞቁ ይሻላቸዋል፤ ጠዋት ደጋግሞ ሲወድቅ ቆይቶ ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኮምፒውተር ሁላችሁም ታገኛላችሁ። ስለዚህ አጥፉት፣ ኬብሉን ንቀሉ፣ ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሱት፤ በመጀመሪያው ሙከራ ከተነሳ ደውሉ። ካልተነሳ ወረቀታችሁን አውጡና ካቆማችሁበት ቀጥሉ።