ኳሱም ጉዞውም ካልመለሳቸው (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ክቡር አባ፥ እንደምን አሉ? ደሴ ከተማ ባለው የካቶሊክ ቁምስናችን የታዳጊዎችን ኅብረት በበጎ ፈቃድ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ከመዝሙርም ከትምህርትም አይቀሩም ነበር። ዘጠነኛ ሲገቡ አንድ በአንድ ጠፉ። ኳስ ገዛን፣ ኪቦርድ አስመጣን፣ ወደ ሐይቅ ጉዞ አዘጋጀን። ለጉዞው መጡ፤ በሳምንቱ የሉም። ወላጆች «ተቆጪልን» ይሉኛል። ከዚህ በላይ ምን ቢደረግ ይያዛሉ?

መልስ፦ ልጄ፥ ድካምሽን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ። ኳሱም ጉዞውም ክፉ አይደለም፤ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ግቢ አብረው ሲሥቁ ማየት ራሱ በረከት ነው። «ምን ቢደረግ ይያዛሉ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከብዙ አስተባባሪዎችና ወላጆች እሰማዋለሁ። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ልጁ ከግቢው ካልጠፋ እምነት አለው፣ ከቀረ እምነቱም ጠፍቷል የሚል ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

እስቲ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ብላቴናው ሳሙኤል በመቅደስ ያገለግላል፤ የሚተኛውም ታቦቱ ባለበት ነው። ከእሱ የበለጠ «የማይቀር» ልጅ ከየት ይመጣል? ቁጥር 7 ግን «ሳሙኤል ግን ገና እግዚአብሔርን አላወቀም ነበር» ይላል። መዝሙር የሚመራው፣ ጥያቄና መልሱን በቃሉ የሚወጣው ልጃችሁም እንዲሁ «ገና» ሊሆን ይችላል። እስከ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመቱ የወላጆቹን እምነት ይዞ ይመጣል። ከዚያ «እኔስ አምናለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣበታል። ይህ ክህደት አይደለም፤ ጥሪው የሚሰማበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚሰማው ሰው ካጣ ይሄዳል፤ ኳስ እኮ ሌላም ቦታ ያገኛል።

የመቅደሱን ካህን ዔሊን ተመልከቺ። ሳሙኤል እግዚአብሔር ሲጠራው ዔሊ የጠራው መስሎት በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ መጣበት። ዔሊ ሁለት ጊዜ ነገሩ አልገባውም፤ ግን አልተቆጣም። በሦስተኛው አስተዋለ፤ ያስተማረውም አንዲት አጭር ጸሎት ነው፦ «አቤቱ፥ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር»። ከዚያ አብሮት አልሄደም፤ ወደ ስፍራው ብቻውን ሰደደው። ሲነጋ ጠራውና ምን እንደ ሰማ ጠየቀው። የተነገረው ቃል በዔሊ ቤት ላይ የመጣ ፍርድ ነበር፤ ሽማግሌው ያንንም ሳይሸሽ ሰማ። ዔሊ የተወቀሰው የገዛ ልጆቹን ባለመገሠጹ መሆኑንም አትርሺ፤ ማዳመጥ ማለት ሁሉን «ይሁን» ማለት አይደለም።

እንግዲህ ድካማችሁን ከዕቃ ወደ ሰው አዙሩት። ለሦስት ወይም ለአራት ታዳጊዎች አንድ መካሪ ይመደብ። ከዚያ ከበዙ ስብሰባ ይሆናል፤ ሁለቱ ያወራሉ፣ ዓይን አፋሮቹ ይጠፋሉ። መካሪው የሚጸልይ፣ ወደ ምሥጢረ ንስሐ የሚቀርብ፣ ያላወቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» የሚል ሰው ይሁን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ስለ ወጣቶች ከተደረገው ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ሲኖዶስ በኋላ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር፥ መካሪዎች ፍጹማን ሳይሆኑ ይቅር የተባሉ ኃጢአተኞች መሆናቸውን አስታውሰውናል። ልጆቹ እንደ ቅዱስ ያዩት መካሪ ሲወድቅ እምነታቸውን ይዞ ይወድቃልና።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ይገናኙ። መጀመሪያ ወሬ ይሁን፤ ትምህርት ቤት፣ ቤት፣ ጓደኛ። ቀጥሎ የእሑዱ ወንጌል ሁለት ጊዜ በቀስታ ይነበብ። ከዚያ ስልክ ጠፍቶ ሦስት ደቂቃ ዝም ይባል፤ ለጀማሪ ከዚያ በላይ ይከብዳል። ከዝምታው በኋላ «ምን ተማራችሁ?» አይባል፤ የተሸመደደ መልስ ነው የሚመጣው። «የትኛው ቃል አስቸገረህ?» ይባል። መካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ልጁ ዝም ሲል ይጨነቁና ራሳቸው ይሰብካሉ። ይታገሡት። ሲለያዩ እያንዳንዱ እስከሚቀጥለው ጊዜ የሚሞክራትን አንዲት ነገር ይምረጥ፤ የሚቀጥለው ግንኙነት ከእሷ ይጀምር። መካሪው ከመስከረም እስከ ሰኔ ለመቆየት ቃል ይግባ፤ በሁለት ወር የሚለወጥ መካሪ፥ ጭራሽ መካሪ ከማጣት ይብሳል። በስምንተኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሰሞን አዲስ ፕሮግራም አትጨምሩ፤ ሄዳችሁ አይዟችሁ በሏቸው።

ሴቶቹን ሴት፣ ወንዶቹን ወንድ ይምከራቸው። ሰው በሚያይበት በረንዳ ላይ፣ ወላጅ እያወቀ ይሁን፤ በሌሊት በቴሌግራም ለብቻ መጻጻፍ አይፈቀድም። በዚህ አልደራደርም። መካሪ ንስሐ አባት አይደለም፤ «ለማንም አልናገርም» ብሎ አይማል። የሚደበደብ፣ የተደፈረ፣ ሞቱን የሚያወራ ልጅ ሲያጋጥም ለካህኑና ለሚታመን ቤተሰብ ይነገር፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ። እነዚህ ልጆች በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ሲያልፉ ሕፃናት ነበሩ። ቁጣቸው ወይም ዝምታቸው ሁሉ የእምነት ጉድለት አይምሰልሽ።

በወሎ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ልጃችን ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጓደኞቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፣ በየቤታቸው ቡና ይጠጣል። አንዱ «ሦስት አምላክ ነው የምታመልኩት?» ይለዋል፤ ሌላው «ቅዳሴያችሁ በግእዝ ከሆነ ለምን ካቶሊክ ሆናችሁ?» ይለዋል። የሚመልሰው ሲያጣ ያፍራል፤ ብዙዎች የሚቀሩት በዚህ እፍረት ነው። ጥያቄዎቹን ከልጆቹ ሰብስቡ፤ በአምስት ዓረፍተ ነገር መመለስ እስኪችሉ ተለማመዱ። ክርክር ማሸነፍን ግን አታስተምሯቸው፤ ጴጥሮስ «በየዋህነትና በፍርሃት» መልሱ ይላል (1ኛ ጴጥ 3፥15)። የጓደኛውን እምነት የሚያቃልል መልስ ከእኛ አይሁን።

ወላጆቹን በተመለከተ፦ አትቆጪላቸው። አባቱ ሲናዘዝ አይቶ የማያውቅ ልጅ በአንቺ ቁጣ አይናዘዝም። በቤት ማታ ማታ አንድ አባታችን ሆይ አብረው ይበሉ፤ ከዚያ ይጀምሩ።

አንቺ ከቀሩት መካከል በአንዱ ጀምሪ። ቤቱ ድረስ ሂጂ፤ እናቱ ባለችበት አነጋግሪው። «ለምን ቀረህ?» አትበይው፤ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቂው፣ ከዚያ ጆሮ ስጪው። ስለ ቁምስናችን፣ ስለ እኛም ስለ ካህናቱ መራራ ነገር ከተናገረ፥ ስሙን ሳትጠሪ ነገሩን ሳታለዝቢ አምጪልኝ።