1,250 ፊርማ ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ለኮንግረስ ለሚወዳደር ዴሞክራት ፊርማ አሰባስባለሁ። የፓርቲው አመራር አይደግፈውም። ለፓርቲው የቅድሚያ ምርጫ ለመቅረብ 1,250 ፊርማ ያስፈልጋል፤ እኛ 1,400 ይዘናል። ይበቃን ይሆን?

መልስ፦ አይበቃም። የተቀናቃኙ ጠበቆች ወረቀቱን መስመር በመስመር ያበጥሩታል፤ ቢያንስ 3,000 ይያዙ። ፊርማ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በቀላል ነገር ነው፦ ፈራሚው በዴሞክራትነት አልተመዘገበም፣ ከምርጫ ክልሉ ውጭ ይኖራል፣ ወይም ለዚያው ወንበር ቀድሞ ለሌላ እጩ ፈርሟል። ስለዚህ የባቡር ጣቢያ በር ላይ አላፊ አግዳሚውን ከማስፈረም፣ የመራጮችን ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ማንኳኳት ይሻላል። አድካሚ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ፊርማ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ የገጹን ግርጌ ይጠብቁ። ከላይ ካሉት የፈራሚ መስመሮች አንዱ ቢበላሽ አንድ ፊርማ ይጠፋል። በግርጌው ባለው የምስክሩ ቃል (ፊርማውን ያሰባሰበው ሰው በሚሞላው ማረጋገጫ) ላይ ቀን ተደልዞ የምስክሩ አጭር ፊርማ አጠገቡ ከሌለ ግን ገጹ በሙሉ ሊጣል ይችላል። እንዲህ ያለውን ገጽ ከማረም በአዲስ ቅጽ እንደገና ማስፈረም ይሻላል።

ሌላው እንቅፋት ምርጫው ዝግ መሆኑ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲው አባልነት የተመዘገበ ብቻ ነው። በ2016 ለዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩነት የተወዳደረውን በርኒ ሳንደርስን የሚደግፉ፣ በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገቡ ብዙ ገለልተኞች በኤፕሪል 19ኙ ምርጫ ድምፅ መስጠት አልቻሉም፤ የፓርቲ ምዝገባ መቀየሪያው ጊዜ ኦክቶበር 9፣ 2015 ላይ አብቅቶ ነበርና። አሁን የመቀየሪያው ቀነ ገደብ ፌብሩዋሪ 14 ነው። ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን ሲመዘገቡ የፓርቲውን ሳጥን ባዶ ትተው ከሆነ ከዚያ በፊት ያስተካክሉ።

የሚቻል ነገር ነው። አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በዴሞክራቶች የቅድሚያ ምርጫ ጁን 26፣ 2018 እዚያው ብሮንክስና ኩዊንስ ላይ ከ1999 ጀምሮ ምክር ቤት የቆዩትን ጆ ክራውሊን አሸንፋለች።