ዴልታ፦ ከፊደል ወደ ወንዝ አፍ

ባለፈው ስለ ወንዞች ስናወራ «ዴልታ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ ብላችሁ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። በየተራ እንሂድበት።

ጥያቄ፦ ሲጀመር ዴልታ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንዝ ባሕር ወይም ሐይቅ ሲገባ ፍጥነቱ ይበርዳል። ያኔ ተሸክሞት የመጣውን አፈር ይጥለዋል። ደለሉ ሲከመርበት መንገድ ያጣና ይከፋፈላል። በዚህ መልክ የተሠራው መሬት ነው ዴልታ።

ጥያቄ፦ ስሙን ማን አወጣለት?

መልስ፦ ግሪኮች። ዴልታ የፊደላቸው አራተኛ ሆሄ ነው። በትልቁ ሲጻፍ ሦስት ማዕዘን ነው። ናይል ካይሮን አልፎ ሜዲትራኒያን እስኪደርስ የሚሠራው ለም መሬትም ሦስት ማዕዘን ነው። በዛሬ ካርታ ብታዩት ግን ሆሄው ተዘቅዝቋል፤ ሹሉ ካይሮ ጋ፣ ሰፊው ባሕሩ ጋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በዚሁ ስም ይጠራዋል። እሱ ራሱ የኢዮንያ ግሪኮች ስለዚሁ ዴልታ ያሉትን እየጠቀሰ ስለሚከራከር፣ ስሙን የፈጠረው እሱ አይመስለኝም። በኋላ በዛሬዋ ፓኪስታን ያለው የኢንደስ ወንዝ መጨረሻም ዴልታ ተባለ። ዛሬ የሁሉም መጠሪያ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ሆሄው ራሱስ?

መልስ፦ ግሪኮች በዛሬዋ ሊባኖስ ዳርቻ ይኖሩ ከነበሩት ከፊንቄዎች ወሰዱት። እስራኤል ያላችሁ የዕብራይስጡን «ዳሌት» ታውቁታላችሁ፤ በር ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። የእኛው «ደ»ም የግእዝ ስሙ ደንት ነው፤ የዚያው የፊደል ዘር ነው።

ጥያቄ፦ የግብፅ ዴልታ የእኛ አፈር ነው ይባላል። እውነት ነው ወይስ ጉራ?

መልስ፦ ጉራ አይደለም። እዚያ የተከመረው ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነው። ክረምት ላይ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲሻገር ውሃውን ቁልቁል ያየ ሰው ምስክር አያሻውም፤ ድፍን ጭቃ ነው። ግን የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አዲስ አፈር ስለማይመጣ ባሕሩ ዳርቻውን ይበላል፤ በተለይ ሮዜታ አካባቢ። እኛ አፈራችን ሄደ እንላለን፣ እነሱ ቀረብን ይላሉ።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነው የምኖረው። ዴልታ አየር መንገድ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አዎ። ሥራውን የጀመረው የጥጥ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ በመርጨት ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከሚሲሲፒ ዴልታ ነው። የሚገርመው፣ ያ የጥጥ አገር ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ አይደለም። ከባሕር ርቆ በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። እውነተኛው ዴልታ ሉዊዚያና ነው።

ጥያቄ፦ የኮቪዱስ ዴልታ?

መልስ፦ ከወንዝ ጋር አይገናኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለቫይረሱ ዝርያዎች የግሪክ ሆሄያትን ሲሰጥ አራተኛው ደረሰው።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ዴልታ አለ?

መልስ፦ አለ። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ሲገባ ይሠራል። እዚያ የሚኖሩት የዳሰነች ሰዎች ጎርፉ ሲሸሽ እርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ።

ጥያቄ፦ ኮንጎስ? ያን የሚያህል ወንዝ ለምን ዴልታ አልሠራም?

መልስ፦ አፉ ላይ ከባሕሩ በታች ጥልቅ ሸለቆ አለ። ደለሉ ሳይከመር በዚያ ሸለቆ ተንሸራቶ ወደ አትላንቲክ ወለል ይወርዳል።